ሽቦው ላይ የሚያልፈውን ማየት

በ1897 ስትራስቡርግ ከተማ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን፣ የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲወጣና ሲወርድ መስታወት ላይ እየሣለ የሚያሳይ ቱቦ ሠራ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) ኦሲሎስኮፕ የተወለደው ከዚያ ቱቦ ነው። ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1947 የኦሪገኑ ኩባንያ ቴክትሮኒክስ ‹511› የተሰኘውን ኦሲሎስኮፕ ለገበያ ሲያቀርብ፣ መሣሪያው የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ከጠረጴዛው የማይለየው ዕቃ መሆን ጀመረ። ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለራዳር ከዚህ የተሻለ ዓይን አልነበረም። እዚያ ዋናው ጥያቄ የሞገዱ ቅርጽና ቁመት ነው፤ ሞገዱም ያንኑ ቅርጽ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየደጋገመ ስለሚመጣ ስክሪኑ ላይ የቆመ መስሎ ይታያል።

ይህን ሥርዓት ያፈረሰው ዲጂታል ነው። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የ7400 ቤተሰብ ቺፖች ሲስፋፉ የሞገዱ ቅርጽ ዋጋ አጣ። ከ0.8 ቮልት በታች የሆነ ሁሉ ዜሮ ነው፤ ከ2 ቮልት በላይ የሆነ ሁሉ አንድ። በኅዳር 1971 ኢንቴል 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ሲያወጣ ደግሞ የሚደጋገም ነገር ጠፋ። ፕሮግራም አንዱን ትእዛዝ ፈጽሞ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ስህተቱም አንዴ ብልጭ ብሎ ይሰወራል። ንግግሩ ስምንትና አሥራ ስድስት ሽቦ ላይ ባንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ ኦሲሎስኮፑ የሚያየው ሁለት ሽቦ ነው። መሐንዲሶቹ የቀራቸው ማስታወሻ ደብተር ይዞ መገመት ነበር።

የሂውሌት ፓካርዱ (ኤችፒ) መሐንዲስ ጋሪ ጎርደን ከዚያም በፊት ለእነዚህ ሰዎች አንድ ውለታ ውሎላቸዋል። ጫፉን ሽቦ ላይ ሲያስነኩት ሽቦው አንድ ይሁን ዜሮ በመብራት የሚናገር፣ እስክሪብቶ የሚያህል መመርመሪያ የሠራው እሱ ነው። በኦክቶበር 1973፣ ማለትም በእኛ 1966 ዓ.ም. ገና ሲጀምር፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የኩባንያው መጽሔት የጎርደንን አዲስ መሣሪያ አስተዋወቀ፤ ኤችፒ 5000ኤ ሎጂክ አናላይዘር። ስክሪን የለውም። ፊቱ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን መብራቶች አሉ፤ በአንዱ ረድፍ 32፣ በሌላውም 32። የበራው አንድ ነው፣ የጠፋው ዜሮ። ዛሬ ለሚያየው ሰው ከመጫወቻ አይለይም።

ብልሃቱ ያለው ከመብራቶቹ ጀርባ ነው። የዚያን ዘመን ኦሲሎስኮፕ አንድ ምልክት ሲመጣለት ማየት ይጀምራል፤ የሚያሳየውም ከዚያ በኋላ የሆነውን ብቻ ነው። 5000ኤ ግን ሁልጊዜ ይመዘግባል፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው እየተገፋ ይወጣል። የሚጠበቀው ምልክት (ትሪገር) ሲመጣ እንዲያቆም ከታዘዘ፣ እጁ ላይ የሚቀረው ከምልክቱ በፊት የሆነው ነው። ጥፋት ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማሽኑ አንዴ ከተደናገረ በኋላ የሚዘባርቀው ነገር ለማንም አይጠቅምም፤ የሚፈለገው ከመደናገሩ በፊት ምን እንደተባለ ነው። ዛሬም የየትኛውንም ሎጂክ አናላይዘር ሶፍትዌር ብትከፍቱ ‹ከትሪገሩ በፊት ስንት በመቶ ይያዝ?› የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ያ ምርጫ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ባዮሜሽን የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያም 810-ዲ የተሰኘ ዲጂታል መዝጋቢ አወጣ። ስምንት ሽቦ ባንድ ጊዜ ያያል፤ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ናሙና ይወስዳል፤ የራሱ ስክሪን ስለሌለው ግን የያዘውን የሚያሳየው ከኦሲሎስኮፕ ጋር ተያይዞ ነው። የመጀመሪያው ሎጂክ አናላይዘር የማን ነው የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። ለእኔ ክርክሩ ብዙ ትርጉም የለውም፤ ሁለቱም የተጨነቁት በአንድ ችግር ነበር፣ የደረሱትም በአንድ ዓመት ነው።

የሚገርመው፣ ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ ራሱ ሁለት ቡድን በሁለት መንገድ ይሮጥ ነበር። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የነበረው የቸክ ሃውስ ቡድን ሽቦዎቹን በመስመር ከመሣል ይልቅ አንዶችንና ዜሮዎችን እንደ ሠንጠረዥ ስክሪን ላይ መደርደርን መረጠ። ናሙና የሚወስደውም በራሱ ሰዓት ሳይሆን የሚመረመረው ሰርኪዩት ሰዓት በመታ ቁጥር ነው። ሃውስ እሺ ባይነት የማያውቅ ሰው ነበር። ቀደም ሲል አለቃው ዴቪድ ፓካርድ እንዲያቆም ያዘዘውን የስክሪን ፕሮጀክት ቀጥሎበት ገበያ ላይ አደረሰው፤ ስክሪኑም ተሳካለት። ከዓመታት በኋላ ፓካርድ ራሱ ‹የእምቢተኝነት ሜዳይ› ሸልሞታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለቆች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ለታሪካችን ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ግን በ1977 የመጣው ኤችፒ 1611ኤ ነው። ይህ መሣሪያ ‹8080› እና ‹6800› ከሚባሉ ማይክሮፕሮሰሰሮች ጋር ሲያያዝ አንድና ዜሮ አይዘረዝርም። የሚጽፈው ትእዛዙን ነው፤ ይህን ከሜሞሪ ጫን፣ ያንን ደምር፣ ወደዚያ ዝለል። ሰው በጣቱ እየቆጠረ ይሠራው የነበረውን ትርጉም መሣሪያው ሠራለት። ችግሩ ትርጉሙ ሣጥኑ ውስጥ መታሸጉ ነው። ለእያንዳንዱ ማይክሮፕሮሰሰር የተለየ ሞጁል ከአምራቹ መገዛት አለበት፤ አምራቹ ያላሰበበት ቺፕ ያለው ሰው ወደ አንድና ዜሮው ይመለሳል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሣጥኖቹ ፈጠኑ፣ ሽቦዎቻቸው በዙ፣ ዋጋቸውም ከመኪና ጋር የሚወዳደር ሆነ። ትርፍ ጊዜውን በኤሌክትሮኒክስ የሚያሳልፍ ሰው ከዚህ ድግስ ውጭ ነበር። ያለው ተስተር፣ አንድ ሁለት መብራት፣ ዕድለኛ ከሆነ ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ ነው። ኮምፒውተር የነበራቸው ደግሞ የፕሪንተር መሰኪያውን አሠሩት። መሰኪያው ‹ወረቀት አልቋል›፣ ‹ሥራ ላይ ነኝ› የመሳሰሉትን የፕሪንተር መልሶች የሚቀበሉ አምስት ፒኖች አሉት፤ አምስት ሽቦ ማየት ይቻላል ማለት ነው። አንዱ ንባብ አንድ ማይክሮሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን ናሙና በላይ የሚታሰብ አልነበረም። ቢሆንም ከባዶ ይሻላል።

በዚሁ ጊዜ ማንም ለሎጂክ አናላይዘር ብሎ ያላደረገው አንድ ለውጥ በጸጥታ ይካሄድ ነበር። በ1982 የሆላንዱ ፊሊፕስ በቴሌቪዥን ውስጥ ያሉ ቺፖች በሁለት ሽቦ ብቻ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ አይ-ቱ-ሲ የተባለ የመነጋገሪያ ሥርዓት አወጣ። ሞቶሮላም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ባለ አራት ሽቦውን ኤስፒአይ አመጣ። ቀድሞ በአሥራ ስድስት ሽቦ ጎን ለጎን ይሄድ የነበረው መረጃ አሁን ተራ ይዞ በአንድ ሽቦ ይሄዳል። ውጤቱ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ለመመርመር የሚያስፈልገው ሽቦ አነሰ፤ ስምንት ቻናል ከበቂ በላይ ሆነ። በሌላ በኩል በአንዱ ሽቦ ላይ ያለው ትርጉም ከበደ፤ መስመሩን በዓይን አይቶ ‹ይህ የሙቀት መጠን ነው› ማለት አይቻልም። ርካሽ ሣጥንና ጎበዝ ተርጓሚ የሚፈለጉበት ዘመን እየመጣ ነበር።

ዘመኑ ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ሰው በራሱ እጅ የሠራው ሥራ መነገር አለበት። በኅዳር 2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ የተባለውን የጨዋታ ማሽን ለገበያ አወጣ። ማሽኑ ሲነሳ የሚጠቀምበት ምስጢራዊ ቁልፍ 512 ባይት በሆነች ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ነው ያለው፤ ፕሮግራሟም ከውጭ በሚታየው የሜሞሪ ቺፕ ላይ ሳትሆን በሌላ ቺፕ ሆድ ውስጥ ተደብቃለች። በኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አንድሪው ሁዋንግ (ብዙዎች ‹በኒ› ይሉታል) ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ፤ ፕሮግራሟ የትም ትደበቅ፣ ፕሮሰሰሩ ጋ ለመድረስ ሽቦ ላይ ማለፍ የለባትም? ማለፍ አለባት። የምታልፈው በሁለት ቺፖች መሐል ባለ፣ በሴኮንድ 400 ሚሊዮን ባይት በሚያሳልፍ ፈጣን መስመር ላይ ነው። ያንን ፍጥነት የሚይዝ ሎጂክ አናላይዘር ለተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። ሁዋንግ ግን ኤፍፒጂኤ የተባለውን፣ ውስጡን ባለቤቱ እንደፈለገው የሚያዋቅረውን ቺፕ በያዘ ሰሌዳ ላይ የራሱን ሎጂክ አናላይዘር ሠራ፤ አንድ ማገናኛ ሰሌዳ ከማሽኑ መስመሮች ጋር በየደ፣ የሚያልፈውንም ቀዳ። ቁልፉ ሳይመሰጠር፣ በግላጭ ሲያልፍ ተገኘ። በግንቦት 2002 ግኝቱን በጽሑፍ አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ መጽሐፍ ሆነ።

ይህ የአንድ ልዩ ሰው ሥራ ነበር። ተራው ሰው የሚደርስበት እስኪሆን አራት ዓመት ፈጀ። በ2006 አካባቢ ሚካኤል ፖፒትዝ ለተማሪዎች በሚሸጥ የስፓርታን-3 ኤፍፒጂኤ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ፣ 32 ቻናል ያለው ሎጂክ አናላይዘር ንድፍ ከነኮምፒውተር ፕሮግራሙ ለሁሉም በነፃ ለቀቀ። ሥራው ‹ሰምፕ› በሚል ስም ይታወቃል። በ2010 ደግሞ ዴንጀረስ ፕሮቶታይፕስና ጋጄት ፋክትሪ የተባሉ ሁለት ትንንሽ የኦፕን ሶርስ ቡድኖች ያንን ንድፍ ይዘው ‹ኦፕን ቤንች ሎጂክ ስኒፈር› የተባለ ሰሌዳ በ50 ዶላር ገደማ አወጡ። ንድፉ፣ ፈርምዌሩ፣ ሶፍትዌሩ ሁሉ ክፍት ነው። ድካሙ ሜሞሪው ላይ ነበር። የሚመዘግበው ቺፑ ውስጥ ባለች 24 ኪሎባይት ገደማ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ፈጠን ባለ ናሙና አንድ ሺኛ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ቦታው ያልቃል።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ ነበር። ሳይፕረስ የተባለው ኩባንያ ኤፍኤክስ2 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ ይሸጥ ነበር፤ ለካሜራ፣ ለስካነር፣ ለቴሌቪዥን መቀበያ የታሰበ ነው። ቺፑ ከውጭ በስምንት ፒን የሚገባለትን እየሰበሰበ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ያፈሳል። ጆ እና ማርክ ጋሪሰን የተባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች በ2008 በዚህ ቺፕ ላይ ሳሌይ ሎጂክ የተባለውን ትንሽ መሣሪያ ሠርተው በ149 ዶላር አቀረቡ። ስምንት ቻናል፣ በሴኮንድ 24 ሚሊዮን ናሙና። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስምንት ሽቦ ማለት በአንድ ናሙና አንድ ባይት ነው፣ 24 ሚሊዮን ናሙናም በሴኮንድ 24 ሜጋባይት። ዩኤስቢ 2 ይህን ይችላል። አንድ ደቂቃ ሙሉ መቅዳት ከ1.4 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሜሞሪ አለው። ሣጥኑ ባዶ ሆነ፤ ሜሞሪው፣ ስክሪኑ፣ ትርጉሙ ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። የሳሌይ ሶፍትዌር ለዓይን የሚማርክ፣ ጀማሪ በአምስት ደቂቃ የሚለምደው ነበር፤ ብዙ ሰው ሎጂክ አናላይዘር ምን እንደሆነ የተረዳው በሱ ነው።

ኤፍኤክስ2 ግን አንድ ጠባይ አለው። የራሱ ቋሚ ፕሮግራም የለውም፤ ጠዋት ጠዋት ስሙ እንደሚነገረው ሰው፣ በተሰካ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፈርምዌሩን እንደገና ይጭንለታል። ይህ ጠባይ ብዙ ነገር አስከተለ። የቻይና ፋብሪካዎች ያንኑ ቺፕ ያለው ሰሌዳ ሠርተው፣ መለያ ቁጥሩን 0925 እና 3881 ብለው የሳሌይን አስመስለው፣ ከአሥር ዶላር ባነሰ ዋጋ ማጉረፍ ጀመሩ። ገዢዎቹም የሳሌይን ሶፍትዌር በነፃ ይጠቀሙበት ጀመር። ይህን ስርቆት ነው ከማለት ወደኋላ አልልም፤ የተሰረቀው ቺፑ አይደለም፣ ቺፑን ማንም ይገዛዋል። የተሰረቀው የወንድማማቾቹ የሶፍትዌር ድካም ነው።

ይህንን ቋጠሮ የፈቱት ከዚህ ንግድ ውጭ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ኡቬ ሄርማን የተባለ ጀርመናዊ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራመር፣ የሚገዛቸው ሎጂክ አናላይዘሮች ሁሉ ከዊንዶውስ ውጭ የማይሠራ፣ ምንጩ የተዘጋ ሶፍትዌር ስለሚያመጡ ተማርሮ በ2010 ‹ፍሎስሎጂክ› የሚል ፕሮጀክት ጀመረ። በርት ቨርሙለን የተባለ ሌላ ፕሮግራመርም ለብቻው ተመሳሳይ ነገር እየሠራ ነበር። ሲተዋወቁ ሥራቸውን አዋሃዱት፤ የቨርሙለኑ ስም ጸደቀ፤ ሲግሮክ። በ2012 የመጀመሪያው ይፋዊ እትም ወጣ። ጆኤል ሆልድስወርዝ ለኤፍኤክስ2 ከባዶ ተነስቶ የተጻፈ ክፍት ፈርምዌር አበረከተ፤ በዚያው 2012 ደግሞ ፐልስቪው የተባለውን የመስኮት ፕሮግራም ጀመረ። ያ ርካሽ ሰሌዳ ያለው ሰው ከዚህ በኋላ የማንንም ሶፍትዌር መስረቅ አያስፈልገውም። ሲግሮክ ሲነሳ የራሱን ፈርምዌር ቺፑ ላይ ይጭናል፤ ሥራው ይቀጥላል።

የዋጋውን መውረድ ሁሉም ያወራል። እኔ ግን ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለሲግሮክ የሥራ ክፍፍል ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው ክፍል ለብቻው ነው፤ የተያዘውን የሚተረጉመው ለብቻው፤ የሚያሳየው ለብቻው። ስለዚህ የ5 ዶላሩም የ5,000 ዶላሩም መሣሪያ በአንድ መስኮት ይታያል። ዛሬ ሲግሮክ የሚያውቃቸው መሣሪያዎች ከ200 በላይ ናቸው፤ ሎጂክ አናላይዘር ብቻ ሳይሆን ኦሲሎስኮፕና ተስተርም አሉበት። ተርጓሚዎቹ፣ ዲኮደር የሚባሉት፣ በፓይተን የተጻፉ ናቸው። ማንበብ ለሚችል ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከመቶ አልፏል። በ1977 ሣጥን ውስጥ የታሸገው ትርጉም በ2012 ወጣ።

ይህ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ዲኤስ1307 የምትባል ስምንት እግር ያላት የሰዓት ቺፕ አለች፤ በአርዱዊኖ ሰዓት የሠራ ሁሉ ያውቃታል። አሁን ሰዓቷን የሚያነብ ፕሮግራም ጻፍን እንበል። ሴኮንዱ 7፣ 8፣ 9 ብሎ በትክክል ይቆጥራል፤ ከዘጠኝ ቀጥሎ ግን 16 ይላል። ከዚያ 17፣ 18፣ እንዲህ እያለ 25 ይደርስና ወደ 32 ይዘላል። የደቂቃው መጨረሻ 89 ነው። ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቺፗን ነው፤ ‹አስመስለው የሸጡልኝ ናት› ይላል፣ ሌላም ይገዛል። አዲሷም ያንኑ ታደርጋለች።

ሎጂክ አናላይዘሩን እናያይዝ። ሦስት ሽቦ ይበቃል፤ አንዱ የመረጃው፣ አንዱ የሰዓቱ ምት፣ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ። (የመሬት ሽቦውን የረሳ ሰው የሚያየው ቅዠት ነው። ስክሪኑ የማይገባ መስመር በሞላበት ቁጥር መጀመሪያ እሱን ፈትሹ።) መስመሩ በሴኮንድ 100 ሺህ ምት ስለሚሄድ፣ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ናሙና ለእያንዳንዱ ቢት አሥር ናሙና ይሰጠናል፤ ይበቃል። ትሪገሩን የመረጃው መስመር ወደ ታች ሲወርድ አድርገን እንቀዳለን። ፐልስቪው ላይ ሁለት መስመር ከላይና ከታች እየዘለለ ይታያል። የአይ-ቱ-ሲ ዲኮደር ሲጨመር ከመስመሮቹ ሥር ባለ ቀለም ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ ‹ጀምር›፣ አድራሻ 68፣ ‹ጻፍ›፣ ‹ተቀብያለሁ›፣ 00፣ እንደገና ‹ጀምር›፣ አድራሻ 68፣ ‹አንብብ›፣ ‹ተቀብያለሁ›፣ ከዚያም ቺፗ የመለሰቻቸው ባይቶች። የመጀመሪያው ባይት በአሥራ ስድስታዊ አቆጣጠር 10 ነው። የቺፗ የራሷ ዲኮደር ከሱ በላይ ሲደረብ ደግሞ ሣጥኑ ‹ሴኮንድ፦ 10› ይላል።

ቺፗ አልዋሸችም ማለት ነው። ይህች ቺፕ አሥር ለማለት የአሥር ቤቱን በላይኛው አራት ቢት፣ የአንድ ቤቱን በታችኛው አራት ቢት ትጽፋለች። የእኛ ፕሮግራም ግን ባይቱን እንዳለ እንደ አንድ ቁጥር አንብቦ 16 አለ። 59ም 89 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋቱ በሁለት መስመር ኮድ ይስተካከላል፤ ሌላ ቺፕ መግዛትም አያስፈልግም። ሽቦው ቢላቀቅ ደግሞ ሌላ ነገር እናይ ነበር፤ አድራሻው ይሄዳል፣ ዘጠነኛው ቢት ላይ ግን የሚመልስ የለም፣ ሣጥኑም ‹አልተቀበልኩም› ይላል።

መሣሪያው ግን ሁሉን አያይም። ሎጂክ አናላይዘር ዓለምን በአንድና ዜሮ ለሁለት ይከፍላል፤ በመሐል ያለውን ጣጣ ይደብቃል። የአይ-ቱ-ሲ መስመር ወደ ላይ የሚስበው ሬዚስተር መጠኑ ከልክ በላይ ሲበዛ፣ መስመሩ ወደ አንድ የሚወጣው እየተንፏቀቀ ነው። ሎጂክ አናላይዘሩ ላይ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ይታያል፤ ‹ሁሉ ደህና ነው› ያሰኛል። እንዲህ ላለው ጉዳይ የብራውን ልጅ፣ ኦሲሎስኮፑ፣ አሁንም ያስፈልጋል። እነዚያ የ24 ሚሊዮን ናሙና ሰሌዳዎችም ከ5 ሚሊዮን ምት በላይ የሆነ መስመር ላይ ሊታመኑ አይገባም፤ በ1.8 ቮልት የሚሠሩ አዳዲስ ቺፖችንም ብዙ ጊዜ አያነቧቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ2013 ዲኤስሎጂክ የተባለ መሣሪያ በሕዝብ መዋጮ ገንዘቡን ሰብስቦ ተሠራ፤ ሶፍትዌሩ በሲግሮክና በፐልስቪው ላይ የተገነባ ነው። ሳሌይም በርካሾቹ ተውጦ አልቀረም፤ አናሎግ ሞገድንም የሚቀዱ ፈጣን መሣሪያዎች አውጥቶ ገበያውን ይዟል። በጃንዋሪ 2021 ራስፕበሪ ፓይ የተባለው ኩባንያ ፒኮ የሚባለውን ሰሌዳ በ4 ዶላር ሲያወጣ፣ የቺፑ ፒኖችን ለብቻቸው የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ማሽኖች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፒኮን ወደ ሎጂክ አናላይዘር የሚለውጡ የተለያዩ ነፃ ፈርምዌሮች ተጻፉ።

በየካቲት 2024 አንድ የጀርመን የደኅንነት ተመራማሪ ያንኑ ፒኮ ከአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ጋር አያይዞ፣ የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ዲስክ የተቆለፈበትን፣ ቢትሎከር የተባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ቁልፍ በ43 ሴኮንድ ቀዳ። ጠቅላላ ወጪው ከ10 ዶላር በታች ነው። ዘዴው ሁዋንግ በ2002 የተጠቀመበት ነው፤ ቁልፉ የተቀመጠው በአንድ የደኅንነት ቺፕ ውስጥ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ጋ ለመድረስ ግን በሽቦ ላይ፣ ሳይመሰጠር ያልፋል። በሃያ ሁለት ዓመት የተለወጠው የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ነው፤ የቺፕ ነዳፊዎች ልማድ ባለበት አለ።

የሲግሮክ ጉዳይ ግን ያሳስባል። ፐልስቪው 0.4.2 በ2020 ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሌላ ይፋዊ እትም አልተከተለም። ጥገናውና አዳዲስ ድራይቨሩ የሚገኘው ይፋዊ ባልሆኑት የዕለት ግንባታዎች ውስጥ ነው። ሥራውን የተሸከሙት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ተጠቃሚው ግን እልፍ ነው፣ በሱ ላይ ሠርቶ የሚነግድም አለ። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የሚደክመው በጠላት አይደለም፤ ሁሉም ሌላው ይሠራዋል ብሎ ሲተወው ነው።

ስለዚህ ፓይተን የምትችሉ ካላችሁ፣ አንድ ዲኮደር ማለት በአንድ አቃፊ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ፋይሎች ናቸው፤ አንዱ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። የሰዓት ቺፗ ዲኮደር ቀኑን የምታወጣው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን አታውቅም። ከሷ በላይ የሚደረብ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ዲኮደር መጻፍ ለአንድ ቅዳሜ የሚበቃ ጥሩ መለማመጃ ነው። መሣሪያ የለኝም የምትሉም ምክንያት የላችሁም። ፐልስቪውን ጫኑና ስትከፍቱት የሙከራ መሣሪያ ራሱ ውስጥ ታገኛላችሁ፤ የሲግሮክ ሰዎችም ከእውነተኛ ቺፖች የተቀዱ ብዙ ናሙና ፋይሎችን በነፃ አስቀምጠዋል። አንዱን አውርዱ፣ ዲኮደሩን በራሳችሁ ምረጡ፣ የሚወጣውንም ከቺፑ ማኑዋል ጋር አስተያዩት።